ልጁን ከመቅጣታችሁ በፊት መብራቷን እዩ

ስለ ደም ግፊት መድኃኒት የጀመርነውን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼ ዛሬ ከጤና ጉዳይ ወጣ ልበል። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ 34 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ነገር ግን በቤቴ የደረሰው ነገር በሌላም ቤት እንዳለ ሰው ስጠይቅ ተረዳሁ። ደግሞም የበደልኩት ሰው አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው እንቅልፍ አይሰጠኝም።

የበደልኩት የልጅ ልጄን ነው። ዕድሜው 13 ነው። እናቱ ቤይሩት እየሠራች እሱ እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ይኖራል። እናትና ልጅ የሚተያዩት እሑድ ማታ በቪዲዮ ብቻ ነው፤ የእሷ የዕረፍት ቀን እሑድ ናትና። ለዚህ ስል ነው ከጡረታዬ ቆንጥሬ የቤት ዋይፋይ ያስገባሁት። ከመስከረም ጀምሮ ግን ሥዕሉ ይደርቅ ጀመር። አፏን እንደከፈተች ፊቷ ቀጥ ይላል፤ ድምጿ ብቻ «ትሰማኛለህ? ትሰማኛለህ?» እያለ ይቆራረጥና ይጠፋል። ልጁ ስልኩን ይዞ ግቢውን ይዞራል። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተደውሎ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይነጋገሩም።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳልመረምር መድኃኒት አዘዝሁ። በቤታችን ስልክ ላይ ተተክሎ የሚውለው ማን ነው? እሱ። ቪዲዮ ሲያወርድ ጨርሶት ነው አልኩ። «እማማ፣ እኔ አይደለሁም» አለኝ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ማን ነው?» ብዬ ስልኩን ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት እሑድ ከእናቱ ጋር በእኔ ስልክ አወራ፤ ያው ተቆራረጠ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። በጓደኛው ስልክ እየተጠቀመ ይሆናል ብዬ ጓደኛውንም ከግቢ አገድኩት። ሌላ ነርስ በበሽተኛ ላይ እንዲህ ስታደርግ ባይ ምን እንደምላት አውቃለሁ።

አንድ ሌሊት ጉልበቴ እንቅልፍ ቢነሳኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የኅዳር ውርጭ ነው፤ የእኛን ከተማ ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሳሎን ስገባ የራውተሩ መብራት በጨለማው ውስጥ እየተርገበገበች ነው። ጥድፊያዋ የታመመ ልጅ ልብ ትርታ ይመስላል። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። የልጁ ስልክ ባትሪው አልቆ ከቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ታዲያ ይህች መብራት ለማን ነው የምትሠራው?

እዚህ ላይ ቶሎ እንዳትፈርዱ። የዋይፋይዋ መብራት ማንም ሳይጠቀም አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች፤ ስልክ ተኝቶም ራሱን ሲያድስ ትርገበገባለች። ስለዚህ መብራቷ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። ትኩሳት በሽታ መኖሩን እንጂ የትኛው በሽታ እንደሆነ አይናገርም። በማግስቱ ማታ ፈተና አደረግሁ፦ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ በአንዷ ክፍላችን ተከራይቶ የሚኖረውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ለአሥር ደቂቃ እንዲያጠፋ ለመንኩት። መብራቷ አልበረደችም።

የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለችና ቅዳሜ ለቡና ጠራኋት። ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ማንም ይችለዋል። በዋይፋዩ በተገናኘ ስልክ ላይ ኢንተርኔት የምንከፍትበትን ገጽ ከፍታ በላይኛው መጻፊያ ላይ ቁጥር ጻፈች። በእኛ ቤት ቁጥሩ 192.168.1.1 ነው። የእናንተ ሊለይ ይችላል፤ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ከመግቢያ ስሙና ከፓስዎርዱ ጋር ይጻፋል። ስትገባ የራውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ መጣ። እዚያ ውስጥ በዚያች ሰዓት የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ቆጠርነው፤ 14 ነበሩ።

ቆጠራ የእኔ ሥራ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከወሊድ በኋላ ጨርቁንና መቀሱን ሳይቆጥር የሚወጣ ባለሙያ የለም፤ አንድ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ የእኔ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ፣ የተከራዩ ስልክና ላፕቶፕ። አምስት። ስለዚህ ዘጠኝ ሌቦች አሉ ብዬ ተነሳሁ። ልጅቱ «አክስቴ፣ ቆይ» ብላ አስቀመጠችኝ።

እውነቷን ነበር። አንዱ «ሌባ» ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ መዝሙር የምሰማበት የራሴ አሮጌ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የተከራዩ ስልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። አዳዲስ ስልኮች የባለቤታቸውን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲሉ የመለያ ቁጥራቸውን ይቀያይራሉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኞቹ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ አንድ ስልክ እንደ ሁለት ሰው ሊታይ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ወደ ተከራዩ ክፍል ብሄድ ኖሮ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ንጹሕ ልጅ በድዬ ነበር። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ፣ ከዝርዝሩ የቱ እንደሚጠፋ እያያችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የሚተርፈው የማታውቁት ነው። ለእኛ ሰባት ተረፈ።

ሰባቱ ከየት መጡ? መልሱ በራሴ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታስታውሳላችሁ። ወራት ነው የቆየው። በእኛ ሰፈር የቤት መስመር በሚሠራበት ቀን ሰው ስልኩን ይዞ ደጄ ይቆም ነበር። ልጇ ጅዳ ያለች እናት፣ ወንድሙ ከውጭ ብር ላከ አልላከ ማወቅ የፈለገ፣ ትምህርት ቤት የሚመዘገብ። ምን ልበል? እኔ ያደግሁት አንኮበር ነው። በልጅነቴ ማለዳ ማለዳ እሳት የጠፋበት ቤት ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም የሚከለክል ሰው የለም። ፓስዎርዱን ለሁሉም ሰጠሁ። በየጊዜው መናገር ሲሰለቸኝ በሕክምና ፕላስተር ላይ በስክሪብቶ ጻፍኩና ከሳሎኑ በር መቃን ላይ ለጠፍኩት። አላፍርበትም። እንዲያ ያለ ጊዜ ቢመጣ ዛሬም እሰጣለሁ።

የሳትኩት ሌላ ነው። ፍም ብትሰጡ የእናንተ እሳት አይጎድልም። ዋይፋይ ግን እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ በአንድ መስመር ላይ አሥራ አራት ሰው ሲከፍት ለማንም የሚወርደው ጠብታ ነው። ደግሞም ስልክ አንዴ የገባበትን አይረሳም። በአብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች የተቀመጠውን ዋይፋይ ተጭኖ «አጋራ» ሲሉት ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ካሬ ሥዕል ይወጣል፤ ሌላው ሰው በካሜራው ሲያነሳው ፓስዎርዱን ሳይጠይቅ ይገባል። ይባስ ብሎ «ነጻ ዋይፋይ» እያሉ ልጆች የሚጭኗቸው መተግበሪያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በስልኩ ውስጥ የተቀመጠውን ፓስዎርድ ወስደው መተግበሪያውን ለጫነ ሁሉ ያካፍላሉ። ለአንዲት ጎረቤት የሰጣችሁት፣ ልጇ እንዲህ ያለ ነገር ከጫነ፣ ለመንገደኛ ሁሉ ሰጣችሁ ማለት ነው። በአደራ የሰጠሁት አንድም ሰው አልሰረቀኝም ይሆናል፤ ነገሩ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ሄዷል።

«ታዲያ ምን ይጎዳል? በወር የምትከፍሉት ያው ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በወር ክፍያ ገደብ የሌለው የቤት መስመር ላላችሁ ብሩ አይጨምርም፣ እውነት ነው፤ የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው። በጊጋ በሚገዛ ፓኬጅ ለምትጠቀሙ ግን ኪሳችሁ ነው የሚቀደደው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። መስመሩ የተመዘገበው በእኔ ስም፣ በእኔ መታወቂያ ነው። በቤቱ ዋይፋይ የገባ ሁሉ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚታየው በአንድ አድራሻ፣ በእኔው መስመር ነው። አንዱ ከአጥሬ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰው ቢያስፈራራ ወይም ቢያጭበረብር፣ ፍለጋው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። የእኔ አለመሆኑን ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ግን በ60ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ይህን ስታስረዳ አስቧት።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ኔትወርክ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ይህን የምነግራችሁ ጎረቤት እንድትከሱ አይደለም። ልጆቻችሁ የሰው ዋይፋይ ሰብሮ መግባትን እንደ ጨዋታ እንዳያዩት ንገሯቸው።

ስለ ባንክና ስለ ቴሌብር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እንግዳ ሰው በዋይፋያችሁ ስለገባ ብቻ ገንዘባችሁን አያይም፤ እነዚህ መተግበሪያዎች መልእክታቸውን ቆልፈው ነው የሚልኩት። አደጋው የሚብሰው ሰውየው የራውተሩን የራሱን ማስተካከያ ገጽ ከከፈተ ነው። ያን ጊዜ እናንተን ከቤታችሁ ሊያስወጣችሁ፣ ወደ ሐሰተኛ ገጽም ሊመራችሁ ይችላል። ሁለት ቁልፍ እንዳለ አስተውሉ፦ አንዱ ዋይፋይ መግቢያው ነው፤ ሌላው የራውተሩ ገጽ መግቢያ ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይቀይርና ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። የእኔም ወረቀቱ ላይ እንደታተመው ነበር። መስመሩን የዘረጋልኝ ልጅም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ሁለቱንም ቀየርን። ስልክ ቁጥሬን ላድርገው ስል ልጅቱ ሳቀችብኝ። በ09 ከጀመረ የማይታወቀው ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፤ ለሰው ብዙ ቢመስልም ለኮምፒውተር ጥቂት ነው፣ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የልጅ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ከ1 እስከ 8 መደርደርም እንደዚያው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ከቁጥር ጋር ብታያይዙ ይረዝማል፣ ለእናንተም አይጠፋችሁም። የእኔ ከወጥ ቤትና ከማዋለጃ ክፍል የተውጣጣ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ከመቆለፊያ ዓይነቶቹ ውስጥ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም ደብልዩ ፒ ኤ 3 የሚለውን ምረጡ። ዌፕ የሚባለው አሮጌው ገና በ2001 እ.ኤ.አ. የተሰበረ ነው፤ ራውተራችሁ ከእሱ ሌላ ከሌለው ዕቃው ራሱ ጡረታ ይውጣ። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን በአንድ ቁልፍ ወይም በስምንት ቁጥር የሚያገናኝ መንገድ አጥፉት፤ ጓሮ በር ነው። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ለሚያውቅ ሰው ይታያል። ራውተሩንም ከመንገድ ዳር መስኮት አንስተን ወደ መሐል ክፍል አዛወርነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳችን ለብርድ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጠቀመን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጀርባው ያለችውን በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ሁሉን አጥፍታ እንደ አዲስ ስለምታደርገው ድርጅቱ ያስገባው የመስመር ምዝገባም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፓስዎርዱ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውሉ።

ፓስዎርዱ በተቀየረ በማግስቱ መድረኩ ተሞላ። መጀመሪያ የመጣው ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ነው። «ሲስተር፣ ኔትወርኩ ምን ነካው?» ብሎ እንደ ቅሬታ አቅራቢ ቆመ። ለካስ ለጎረምሶች በ10 ብር እያገናኘ ኖሯል። ምን ልበለው፤ ሳቄ መጣ። «ሒሳቡን መቼ እንካፈል?» አልኩት፤ አቀርቅሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ እየሸጠች ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጅቱ 12ኛ ክፍል ናት። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በቴሌግራም ነበር የማወርደው፤ ሳልጠይቅዎት ነው...» አለችና እንባዋ መጣ። ለካስ የሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት አንዷ እሷ ነበረች። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ሌሎቹ ሲተኙ ነው የምታጠናው። አስገባኋት። ሻይ ስናፈላ ያን ሌሊት የነበረኝን ቁጣ አሰብኩት።

እሷን አልከለከልኩም። በብዙ ራውተሮች ላይ የእንግዳ መስመር የሚባል አለ፤ ስሙም ፓስዎርዱም የተለየ ሲሆን፣ እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ወደ ቤቱ ዕቃዎች አይደርስም። ያንን ከፈትንላት። ከእናቷ ጋር ቡና ላይ ተነጋግረን ተስማማን፦ ለሌላ እንዳትሰጥ፣ እሑድ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት እንዳትገባ። በየሁለት ወሩ ፓስዎርዱን እቀይርና ለእሷ እነግራታለሁ። እናቷ በነጋታው ሦስት እንጀራ ይዛ መጣች፤ እምቢ ማለት ነውር ነውና ተቀበልኩ።

ከሰባቱ የቀሩትን እስከ ዛሬ አላወቅኋቸውም። መጥተውም አልጠየቁም።

ታኅሣሥ ላይ ወንድሜን ለመጠየቅ አንኮበር ወረድሁ፤ ጎረቤላ ነው ያለው። እዚያ የቤት መስመር የለውም፤ በስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ለልጆቹ ያካፍላል። «የገዛሁት ፓኬጅ ባንድ ሌሊት አለቀ» ብሎ ኩባንያውን ሲራገም ደረስኩ። ስልኩን ተቀብዬ ሴቲንጉን ሳየው የሆትስፖቱ ስም የራሱ ስም ከነአባቱ፣ ፓስዎርዱ 12345678። ማን እንደተገናኘ ስልኩ ራሱ ያሳያል፤ አራት ነበሩ፣ የእሱ ልጆች ሁለት ናቸው። ሽማግሌዎች አንኮበር ማለት «የአንኮ በር» ማለት ነው ይላሉ፤ የነገሥታት በር የነበረ አገር ልጅ በሩን እንዲህ ይተዋል ብዬ ቀለድኩበት። ቀየርንለት። ሰው ሳይጠቀም ራሱን እንዲያጠፋ፣ ከሁለት ስልክ በላይ እንዳይቀበልም አደረግነው። እርግማኑን ግን አልመለሰም።

የልጅ ልጄን ይቅርታ የጠየቅሁት ያን ዝርዝር የቆጠርን ቅዳሜ ማታ ነው። ስልኩን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሰጠሁትና «አንተ አልነበርክም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት። ሲያቀረቅር ቆየና «ጓደኛዬንስ?» አለኝ። እሱን ረስቼው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እቤቱ ድረስ ሄጄ ከእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሴትየዋ ከእኔ በላይ አፈረች።

የዚያን ዕለት ማታ ሥዕሉ አልቆመም። እናቱ «እስቲ ቁም፣ ርዝመትህን ልይ» አለችው። ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው፤ እሱ ከሳሎኑ በር መቃን ጋር ተጠግቶ ቆመ። ፕላስተሩን የላጥኩበት ነጭ ምልክት ገና አልጠፋም። «እዚያች ነጯ ምልክት ጋ እጅህን አድርግ» አለችው። አደረገ። አናቱ ምልክቷን በአራት ጣት አልፏታል።